ክብሩ የተጠበቀ ነው

ቦም ሪያቾ፣ ነሐሴ፣ ማክሰኞ ከሰዓት

ለእናቴ፣

እንደምን ሰንብተሽልኛል? ጤናሽ እንዴት ነው? ብርድ ሲሆን የሚያምሽ ትከሻሽስ ተሻለሽ? ሬዲዮው አንቺ ያለሽበትን የኩሪቲባን ብርድ ባወራ ቁጥር ያ ቡናማ ሹራብሽ እዚህ መቅረቱ ትዝ ይለኛል። ትንሹ ወንድሜ እግር ተክሎ ይሆናል፤ ሳሚልኝ። ባለቤትሽንም ሰላም በያቸው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አለን ስል በሕይወት አለን ማለቴ ነው፤ ሌላውን ቀስ ብዬ እጽፈዋለሁ።

መደወል ይሻል እንደነበር አውቃለሁ። ዳቦ ቤቱ ደጅ ካለው የሕዝብ ስልክ ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር። መጀመሪያ ባለቤትሽ አነሱና «ማን ልበል?» አሉኝ። ማን እንደሆንኩ ማለት አቃተኝና ዘጋሁት። ሁለተኛው ጊዜ አንቺ አነሳሽ። ከበስተኋላሽ ሕፃን ይስቅ ነበር። ዝም ብሎ የቆየው ሰው እኔ ነበርኩ። ድምፄ እንዴት እንደሚዘጋ ታውቂያለሽ፤ በወረቀት ግን አይዘጋም። ጽሕፈቴ ቢያስቸግርሽ ይቅር በይኝ። ሰባት ትምህርት ቤት ገብቼ ሰባቱንም ከመሃል ነው የወጣሁት፤ ብዙ ነገር ያመለጠኝ ከመሃል ስገባና ከመሃል ስወጣ ነው።

አባባ ከኡኒያዎ ክለብ አሰልጣኝነት ተነስቷል። ይህን ሰምተሽ ከሆነ «እና ምን አዲስ ነገር አለ?» ብለሽ ይሆናል። እውነትሽን ነው። የዕቃ ክፍሉ ጋሽ ኦሊንቶ እንኳ «በዚህ ክለብ ከሳሙናው ቀድሞ የሚያልቀው አሰልጣኝ ነው» እያሉ ይስቃሉ። ያሁኑ ግን እንደ ሌሎቹ አይደለም። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

በየማለዳው ከቁርስ በፊት ለአባባ የራሱን ታሪክ እነግረዋለሁ። ከጎደለበት ስለሚረበሽ ነው። ወንበሩን ወደ መስኮቱ ያዞርና «እሺ፣ ጀምሪ» ይለኛል። እኔም እጀምራለሁ። በቦም ሪያቾ ተወለድክ፤ አባትህ ሐዲድ ጠጋኝ ነበሩ። በአሥራ ሰባት ዓመትህ ኡኒያዎ ወሰደህ። አምስት ቁጥር ለብሰህ ከተከላካዮቹ ፊት ትቆም ነበር፤ የመጣውን ኳስ ሁሉ ጠርገህ ስለምትወስድ ቫሶራ አሉህ፣ መጥረጊያ ማለታቸው ነው። ሴቶቹ ከቤታቸው መጥረጊያ ይዘው እየመጡ ጭራውን ወደ ሰማይ አድርገው ያውለበልቡልህ ነበር። አንተም ጨዋታው ሳይጀመር ባርኔጣ ያለህ ይመስል እጅህን ከራስህ ላይ አንስተህ ጎንበስ ትልላቸው ነበር። ኖናቶ በግራ ክንፍ እየሮጠ፣ አንተ ከኋላው ኳስ እያቀበልክ፣ የክልሉን ዋንጫ በላችሁ።

ከዚያ ወደ ቤሎ ኦሪዞንቺ እወስደዋለሁ። ትልቁ ክለብ አስፈረመህ። ለብሔራዊ ቡድን ከታሰቡት አርባ ስሞች አንዱ የአንተ ነበር፤ ጋዜጣው መሳቢያው ውስጥ አለ። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ያቋርጠኛል። «ከተመረጡት ሃያ ሁለቱ ውስጥስ ገባሁ?» ይለኛል። የሚጠይቀኝ ከልቡ ነው፣ አያውቀውም። መጀመሪያ ሰሞን «አልገባህም» እለው ነበር። ፊቱ ሲወድቅ አያለሁ፤ በየማለዳው እንደ አዲስ መርዶ ነው የሚሰማው። አሁን «ጉልበትህ ተጎዳ» ብዬ ብቻ አልፈዋለሁ። ጉልበቱ የተጎዳው ከዓመት በኋላ መሆኑን አንቺም አትንገሪው።

ቀጥሎ አሰልጣኝነቱ ነው። በአሥራ አራት ዓመት አሥራ ዘጠኝ ክለብ። ቅደም ተከተሉን የማስታውሰው በሳህኖቹ ነው። እያንዳንዱን ሳህን ከምንለቀው ከተማ ጋዜጣ ትጠቀልይው ነበር፤ ስንፈታው የመጨረሻውን ሽንፈት ዜና እናነብ ነበር፤ ቀጣዩ ከተማ ላይ ግማሹን ሳንፈታ እንሄድ ነበር። ይህን ሁሉ እነግረዋለሁ። አንዱን ቀን ብቻ እዘለዋለሁ። የትኛውን እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ሕመሙ የጀመረው ባለፈው ሚያዝያ ይመስለኛል። ማክሰኞ ጠዋት ወደ ልምምድ ብሎ መኪናውን አስነስቶ ወጣ፤ ሴራ አልታ ሄደ። ከስድስት ዓመት በፊት ያባረሩት ክለብ ነው፤ የሰዓት ተኩል መንገድ። ፊሽካውን አንገቱ ላይ አድርጎ የሴራ አልታን ልጆች በሁለት ረድፍ አቁሞ ማሯሯጥ ጀመረ። ልጆቹም ክለቡ አዲስ አሰልጣኝ የቀጠረ መስሏቸው ሮጡ። አሰልጣኝ በየወሩ የሚቀያየርበት አገር ማን ይጠራጠራል? ግማሽ ሰዓት ያህል ካሠራቸው በኋላ ነው ትክክለኛው አሰልጣኝ የመጣው። እሱም ቫሶራን ገና ሲያይ የተባረረ መስሎት ደንግጦ ወደ ቢሮ ሮጠ ብለው ጋሽ ኦሊንቶ እየሳቁ ነገሩኝ። ከተማው በሙሉ ሳቀ። አባባም ስቆ «ናፍቀውኝ ነው» አለ። ቤት ሲገባ ግን በሩን ዘግቶ ቆመና «ልጄ፣ እንዴት እዚያ ደረስኩ?» አለኝ። 

ያን ቀን ለሰው መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። እማማ፣ ጥፋቴ ይሄ ነው።

ከተናገርኩ ቡድኑን እንደሚወስዱበት አውቃለሁ። ቡድኑን ከወሰዱበት ምን እንደሚቀረው አላውቅም። ስለዚህ ትምህርት ቤት መሄዴን ትቼ ከእሱ ጋር ልምምድ ቦታ መዋል ጀመርኩ። ውኃ የማቀብል እየመሰልኩ የተጫዋቾቹን ስም በጆሮው እነግረዋለሁ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አሰላለፉን ያስጽፈኛል። አምስት ስድስቱን በትክክል ይላል፤ ከዚያ የድሮዎቹ ይመጣሉ። «በግራ ክንፍ ኖናቶ» ይላል። ኖናቶ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተው። እኔ «እሺ አባባ» እልና በኖናቶ ቦታ የአሁኑን የክንፍ ተጫዋች ዲርሌይን እጽፋለሁ። ወረቀቱን እሁድ ጠዋት ለጋሽ ኦሊንቶ እሰጣለሁ። እንዲህ አድርጌ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ግጥሚያዎች አሰለፍኩ። ሁለቱን አሸነፍን፣ አንዱን አቻ ወጣን። ያሸነፍንባቸው ቀናት ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅሽም። ማንም የማያየኝ እኔ አሥራ አንድ ወንዶችን ሜዳ ላይ አቆምኩ።

ከዚያ መሸነፍ ጀመርን። አንድ፣ ሁለት፣ አራት። ከሰንጠረዡ ግርጌ ስንወድቅ የሌላው ከተማ ደጋፊዎች ፋኖስ እያበሩ ይቀበሉን ጀመር፤ ከሰንጠረዡ መጨረሻ የወጣ ቡድን ፋኖስ ያዥ ይባላል አይደል። ሐምሌ ላይ ረቡዕ ቀን ባቄላ እየለቀምኩ ሳለ የክለቡ ፕሬዚዳንት ዶክተር ኤቫሪስቶ በሬዲዮ ቀረቡ። ሐኪም አይደሉም፣ የጡብ ፋብሪካ ስላላቸው ነው ዶክተር የሚባሉት። ጋዜጠኛው «ቫሶራ ይሰናበታል ይባላል፣ እውነት ነው?» አላቸው። እሳቸውም «ወሬ ነው! አሰልጣኛችን ክብሩ የተጠበቀ ነው» አሉ።

ባቄላው ከእጄ ወደቀ። ይህን ቃል ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ሬዲዮው እንዲሁ ሲል እኔ ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ፤ አንቺ ግን ፎጣሽን ትከሻሽ ላይ ጣል አድርገሽ ከጎረቤት አሮጌ ጋዜጣ ልትለምኚ ወጣሽ። «ለምን ጋዜጣ?» ስልሽ «ልጄ፣ ክብር የተጠበቀለት ሰው እዚህ ቤት አይከርምም» አልሽኝ። በሳምንቱ አባባ ተባረረ። ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ ተሳስቶ አያውቅም፣ ያ ቃል።

አንድ ጊዜ ደግሞ አንቺ አልሽው። እዚህ በመጣን ሰሞን፣ ኡኒያዎ አራተኛውን ሲሸነፍ፣ አባባ ምሳ ላይ ሊያስቀን ብሎ «እዚህ ቤትስ ቦታዬ እንዴት ነው?» አለሽ። አንቺም ሩዙን እየጨመርሽለት «ክብርህ የተጠበቀ ነው» አልሽው። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሳህኖቹን አየሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም ከጋዜጣቸው አውጥተሽ፣ አጥበሽ፣ ቁምሳጥኑ ላይ ደርድረሽ ነበር። ሰው ለመኖር ነው ሳህን የሚደረድረው ብዬ ነበር። ለካ ከእንግዲህ የምትጠቀልያቸው አንቺ ስለማትኖሪ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ሄድሽ።

ወደ ሐምሌው ልመለስ። ረቡዕ ያ ቃል ስለተነገረ እሁድ ሜዳው ሞላ። ሰው አሰልጣኝ ሲባረር ማየት ይወዳል። በሩ ላይ ኦቾሎኒ የሚሸጡት እትዬ ዙልሚራ ሳይቀሩ መጥረጊያ ይዘው ገብተዋል። መቶ መጥረጊያ ይሆናል፣ ምናልባትም በላይ። ለድሮው ክብር አልነበረም። ደረጃውን ወደ ውጭ፣ ወደ ውጭ ይጠርጉ ነበር። «ቫሶራ፣ ራስህን ጥረግ!» ይላል አንዱ። «ቆሻሻው ወንበሩ ላይ ተቀምጧል!» ይላል ሌላው። እኔ ከተቀያሪዎቹ ወንበር ኋላ ካለው አጥር ሥር ነበርኩ።

አሰላለፉን እንደ ልማዴ ለጋሽ ኦሊንቶ ሰጥቼ ነበር። ያላሰብኩት የሬዲዮውን ጋዜጠኛ ነው። ሮጦ መጣና ማይኩን አባባ አፍ ላይ ደቀነ። «ቫሶራ፣ ለአድማጮቻችን አሰላለፉን ከራስህ አንደበት!» አለው። አባባ ወረቀት አልያዘም። ደረቱን ነፋና፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ አንድም ሳይሳሳት፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት የነበረውን ቡድን ጠራ። በረኛው ማን፣ ተከላካዮቹ እነማን። «አምስት ቁጥር እኔ ነኝ። በግራ ክንፍ ኖናቶ» አለ።

የሜዳው ድምፅ ማጉያ ይህን ሁሉ አስተጋባ።  ከዚያ አንዱ «ኖናቶ ከመቃብር ፈቃድ አገኘ እንዴ?» ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ ፈነዳ። ሌላው «ለዚህ ነዋ የምንሸነፈው፣ ሙታን እያሰለፈ!» አለ። መጥረጊያዎቹ ሁሉ ተነሱ፤ ተነስተው ይወዛወዙ ጀመር።

አባባ ዞሮ አያቸው። እማማ፣ ፊቱን ብታዪው። እንደ ልጅ በራ። እጁን ከራሱ ላይ አነሳና፣ ባርኔጣ ያለው ይመስል፣ ጎንበስ አለላቸው። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ። ሊያከብሩት የመጡ መስሎታል።

ያኔ እትዬ ዙልሚራ ሲገባቸው አየሁ። እጃቸው ቆመ። አፋቸውን በሻርፓቸው ያዙ፤ ከዚያ መጥረጊያቸውን ገለበጡና ጭራውን ወደ ሰማይ አድርገው፣ ቀጥ አድርገው ያዙት። አጠገባቸው የነበሩ ሁለት ሴቶችም ገለበጡ። አንድ ሽማግሌም ጨመረ። ሌላው ሰው ግን እስከ መጨረሻው ጠረገ። ሦስት ለባዶ ተሸነፍን። አባባ ውጤቱን አልጠየቀኝም። በመንገድ ላይ «ዛሬ ብዙ መጥረጊያ ነበር፣ አይደል?» ብቻ አለኝ። «ብዙ ነበር አባባ» አልኩት።

በማግስቱ ዶክተር ኤቫሪስቶ እኛ ቤት መጡ። ባርኔጣቸውን እያሽከረከሩ ቆሙ እንጂ አልተቀመጡም። ጋሽ ኦሊንቶ ወረቀቶቹን አሳይተዋቸው ኖሮ «ይህ የማን ጽሕፈት ነው?» አሉኝ። የእኔ መሆኑን ራሴን ነቅንቄ ነገርኳቸው።  የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር፤ «ሴራ አልታን ያሸነፍንበትን ቡድን አንቺ ነሽ ያሰለፍሽው?» ብለው ራሳቸውን ነቅንቀው ወጡ። አባባ ቢሰናበትም ትጥቁን እንዲያስቀር ፈቀዱለት። ጋሽ ኦሊንቶ ግን እስካሁን በመንገድ ሲያገኙኝ ዓይኔን አያዩም። «ቀድማ ብትነግረኝ ኖሮ ማይኩን በክርኔ መትቼ እጥለው ነበር» ብለው ለዳቦ ጋጋሪው ነግረውታል። እውነታቸውን ነው። ቦታውን ልጠብቅለት ብዬ በሰው ፊት አዋረድኩት። ይህን ለቄሱም አልተናገርኩም፤ ላንቺ ነው የምናገረው።

ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ። ሐኪሟ ዕድሜውን ጠየቀችኝ፤ ሃምሳ ሁለት ስላት ብዕሯን አስቀመጠች። ከዚያ ብዙ ነገር ነገረችኝ፣ የገባኝ ግን አይመለስም ያለችው ነው። የቅርቡ ትዝታ ቀድሞ ይሄዳል፤ የሩቁ ይቆያል። የሰው ፊትም እንደዚያው ነው ብላኛለች።

አሁን በየቀኑ ትጥቁን ለብሶ፣ ፊሽካውን አንጠልጥሎ በር ላይ የቡድኑን አውቶቡስ ይጠብቃል። እኔ ምሳ እሠራለሁ፣ ሩዝ ባቄላ፣ አንዳንዴ ጎመን። እና በስምሽ ይጠራኛል። መጀመሪያ ሲጠራኝ አንቺ የመጣሽ መስሎኝ ወደ በሩ ዞሬ ነበር። አሁን «አቤት» እላለሁ። ሹራብሽንም የምለብሰው ስለሚበርደኝ ብቻ አይደለም።

ባለፈው ሐሙስ ባቄላውን እየበላ ቆየና «ልጅቷ የት ሄደች?» አለኝ። ስለ እኔ ነው የሚጠይቀኝ። «ትምህርት ቤት ናት» አልኩት። «ጎሽ» አለ። ቀጥሎም ማንኪያውን አስቀምጦ ወደ እኔ ጠጋ አለና እንዲህ አለኝ፦ «አንቺ አትናገርም እያልሽ ትጨነቂባታለሽ። ተያት። እኔም አልናገርም ነበር። ያቺ ልጅ ሜዳውን ታያለች። ሰው ኳሱን ነው የሚያየው፣ እሷ ሜዳውን ታያለች። አደራ፣ እንዳትሰማሽ፤ ትኮራለች።»

አልሰማሁም ብዬ ሳህኖቹን አጠብኩ።

እማማ፣ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ነይ። ለመኖር አላልኩሽም፣ ልጅሽንም ባለቤትሽንም አልነጥቅሽም። የአንድ እሁድ ምሳ ብቻ። ስምሽን ተሸክሜለታለሁ፣ ሹራብሽን ለብሼለታለሁ፣ ግን ትናንት እጄን ያዘና ጣቴን እያገላበጠ «ቀለበትሽስ?» አለኝ። «ሳጥብ አወለቅኩት» አልኩት። ነገም ይጠይቀኛል። ሐኪሟ ፊትም ይሄዳል ብላለች፤ ያንቺ እስካሁን አልሄደም። ከመሄዱ በፊት ነይ።

የማትመጪ ከሆነ ደግሞ አልመጣም ብለሽ ጻፊልኝ፤ እችለዋለሁ። ባለፈው ገና የላክሽልኝን ካርድ አስቀምጫለሁ። ከፊቱ የጥድ ዛፍ አለው፣ ከጀርባው «በቤቴ ያንቺ ክብር ሁልጊዜ የተጠበቀ ነው» ይላል። ምናልባት ሳታስቢው ጽፈሽው ይሆናል። ወይም ኩሪቲባ ቃሉ ሌላ ትርጉም ይኖረው ይሆናል። እኔ ግን የአሰልጣኝ ልጅ ነኝ። ያን ቀን አንብቤው ወጣሁና እትዬ ዙልሚራ ዘንድ አሮጌ ጋዜጣ ለመንኩ። የሚጠቀለል ነገር አልነበረኝም። እንዲሁ ተቀብያቸው ተመለስኩ።

ስለዚህ ያን ቃል አትጻፊልኝ። ሌላ የፈለግሽውን ጻፊ።

ሳህኖቹ እንደደረደርሻቸው ናቸው፤ አንድ ብቻ ተሰብሯል። ከጣቢያው እስከ ቤት መንገዱን ካልረሳሽው አባባ በር ላይ ነው፤ አውቶቡስ መስለሽው ደስ ይለዋል። ቀን ንገሪኝና ሹራብሽን አጥቤ አሰጣዋለሁ። አንቺ ስትመጪ እኔም ከትምህርት ቤት እመለሳለሁ።

እመቤታችን አፓረሲዳ በመንገድሽ ሁሉ ትቅደምልሽ። ለወንድሜ እንቅልፍ፣ ለባለቤትሽ ሥራ፣ ለትከሻሽ ሙቀት ትስጥልኝ። ከእኔም ከእሱም ዘንድ በረከት አይጉደልሽ።

ሜዳውን የምታየው
ልጅሽ